ቀለማቸውን ከማንሳታቸው በፊት «አሁን አይቀባም» ላሉን ባለሙያ ምስጋና

ሽሮ ሜዳ የሚገኘውን የወላጆቻችንን ቤት ቀብተው ካስረከቡን ሦስት ወር አለፈ። ምስጋናዬን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ቀለሙ ገና ሳይደርቅ አመስግኜ፣ ለጎረቤትም ጠቁሜ፣ በወሩ ያፈርኩበት ጊዜ ስለነበረ በዚህኛው ላይ የበልጉ ዝናብ መጥቶ ግድግዳው ራሱ እስኪመሰክር ጠበቅኩ። ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል ለሦስት ቀን ያህል ሳያባራ ወረደ፤ ግድግዳው ግን እንደ ተቀባበት ዕለት ነው። ስለዚህ አሁን ያለ ስጋት፣ አፌን ሞልቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ።

ያለፈውን ሳልናገር የእኚህን ሰው ዋጋ ማስረዳት ስለማልችል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ቤቱ አባታችን ከ40 ዓመት በፊት ያሠሩት የጭቃ ቤት ሲሆን በኋላ በሲሚንቶ ተለስኗል። የሳሎኑ የጓሮ ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሥሩ ይጠቁራል፣ ይሻግታል፣ ቀለሙም እየተላጠ ይወርዳል። ባለፈው ነሐሴ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ እንዲያምር ብለን ያመጣነው ቀቢ ከበሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ቃኘና «ይህማ የሁለት ቀን ሥራ ነው» አለን። ሻጋታውን በጨርቅ ጠረገ፣ በላዩ ላይ ቀባበት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በዓሉን በእርግጥ አምሮብን ዋልን። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ግን ግድግዳው ውሃ እንደ ቋጠረ ቃጠሎ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት ይላጥ ጀመር። ስንደውልለት «ቀለሙን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ» አለን። እውነት ነው፣ የገዛነው እኛ ነን፤ የቱን እንደምንገዛ የነገረን ግን እርሱ ነበር።

ሁለተኛው በጥቅምት መጣ። የእጅ ዋጋውን ግማሽ በቀብድ ወሰደ፣ አሥራ ሁለት ጋሎን ቀለም አስገዛን፤ በሦስተኛው ቀን ጋሎኖቹን ስቆጥር፣ ባዶውም ሙሉውም ተደምሮ፣ ስምንት ሆነው አገኘኋቸው። ስጠይቀው «ግድግዳው ጠጣው» አለኝ። የጭቃ ቤት ቀለም ይጠጣል ቢባል ለማመን ዝግጁ ነበርኩ፤ ቆርቆሮውን አብሮ ይጠጣል ሲባል ግን ከበደኝ። በአራተኛው ቀን፣ ግማሹ ግድግዳ ተፍቆ፣ ሶፋው በስቱኮ ዱቄት ነጭቶ፣ የእናቴ ሥዕለ አድኅኖ ወለል ላይ ተደራርበው ሳሉ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም። ታናሽ እኅታችን በጥር ልታገባ ቀን ተቆርጦ ስለነበር ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ምሬት ያየ ያውቀዋል። እናቴ እንግዳ እንዳይገባ ብላ የሳሎኑን በር ቆልፋ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራው ነበር።

አሁን የማመሰግናቸው ባለሙያ የመጡት በኅዳር መጀመሪያ፣ በአክስቴ ጥቆማ ነው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሲገቡ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አላነሱም፤ መዳፋቸውን የጓሮው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ በጣታቸው አንጓ ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ ሄዱ። ቀጥለው ከቦርሳቸው የደብተር ገጽ የምታህል ላስቲክ አወጡ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አድርገው ግድግዳው ላይ ለጠፏትና «ነገ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካት» ብለው ሄዱ። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ ላስቲክ ለጥፎ የሚሰወር ሆነ ብዬ ለአክስቴ ደውዬ ተነጫነጭኩባት። በማግስቱ በሰዓታቸው መጡ። ላስቲኳ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይዛ፣ ከታችኛው ጠርዟ ላይ ውሃ አቁራ ነበር። ጠርተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህን ግድግዳ ዛሬ ብቀባልሽ ገንዘብሽን በላሁ ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተከፍቶ ውሃውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ያፈሰዋል፤ አፈሩም ከዓመት ዓመት እየተከማቸ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ልስኑን ተደግፎታል። በየቀኑ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ነው፤ አንዳችንም ልብ አላልነውም። የሚያስፈልገን ቀለም ሳይሆን ቆርቆሮ ሠራተኛና አካፋ መሆኑን ነገሩን። ቀብድ ልስጥዎ ብላቸው «ግድግዳው ሲደርቅ እንነጋገራለን» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሁለት ሰዎች ገንዘባችንን ይዘው በወጡበት ደጅ የተዘረጋለትን ገንዘብ የመለሰ ሰው ሳይ እንባዬ መጣ ብላችሁ አጋነነች አትበሉኝ። እንደ ታዘዝነው አሸንዳው ተጠገነ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ተነሳ፣ የቀረውን የበጋው ፀሐይና ነፋስ ሠራው። ከአምስት ሳምንት በኋላ መጥተው እንደዚያችው ያለች ላስቲክ ለጠፉ፤ በማግስቱ ደረቅ ሆና ስትገኝ ብቻ ሥራ ጀመሩ።

ስለ ሥራው ሂደት ብትጠይቁኝ ስቱኮው ስንት ጊዜ እንደ ተቀባ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ የቱ በፊት የቱ በኋላ እንደ ተፋቀበት አላውቅም። ቤት ለማስቀባት ላሰባችሁ ግን ከባለሙያ ምን እንደሚጠበቅ በዓይኔ ያየሁትን መናገር እችላለሁ። ግድግዳውን በሜትር ለኩ፣ በርና መስኮቱን ቀነሱ፤ አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ አሥር ካሬ ገደማ እንደሚሸፍን ነግረውኝ ሒሳቡን በራሴ ወረቀት አሠሩኝ። ከበፊቱ የተረፉትን ጋሎኖች ከፍተው አይተው ከሒሳቡ ውስጥ አስገቡልን። አሥራ ሁለት ጋሎን ተብሎለት የነበረው ቤት በዘጠኝ አለቀ፤ ያውም ከዘጠነኛው ግማሹ ተርፎ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ፣ በላዩም «ሳሎን፣ ታኅሣሥ» ተብሎ ተጽፎበት ዛሬም ጓዳችን ተቀምጧል። ክፍያውን ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ ሥራ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው እጅ አልቆ ካየነው በኋላ፣ የመጨረሻው ደግሞ በቀን ብርሃን መስኮቱን ከፍተን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ከመረመርን በኋላ። እናቴ አስም ስላለባት ለመኝታ ክፍሏ ሽታው የማያፍን የፕላስቲክ ቀለም እንዲሆን የመከሩንም እርሳቸው ናቸው።

በሮቹና መስኮቶቹ በአሮጌ የዘይት ቀለም የተቀቡ ስለነበሩ ሲፍቁ በውሃ እያረጠቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን የወንድሜን ሕፃን ከግቢ እንድናስወጣ አዘዙ። «የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት፤ አቧራው ለልጅ አይሆንም» ሲሉኝ የምንጽፍበት እርሳስ መስሎኝ በልቤ ሳቅኩ። ማታ ሳነብ ለካ ሊድ የሚባለው ማዕድን ኖሯል፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ በመሆኑ በአገራችንም በአውሮፓውያኑ 2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ መጠኑ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ተገድቧል። ከዚህ ቀደም የነበሩት ቀቢዎች ያንኑ በር በደረቁ ሲፍቁ ልጁ ከእግራቸው ሥር ይጫወት እንደ ነበር ሳስታውስ አሁንም ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን የሚስማሩ ነገር ነው። የእናቴ የማርያም ሥዕል የሚንጠለጠልበትን ሚስማር የመታው ከስድስት ዓመት በፊት ያረፈው አባታችን ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ ለዓይን የማያምር ትልቅ ሚስማር ነው። ረዳታቸው በጉጠት ሊነቅለው ሲል እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ «ተወው» አለች፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ልጁ ግራ ገብቶት ቆመ። ባለሙያው ግን ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቁ ጉጠቱን ከእጁ ተቀበሉት፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወጡና ሥዕሉን አውርደው ለእናቴ በእጇ ሰጧት። ግድግዳው ተቀብቶ ባለቀ ጊዜ በሚስማሩ ዙሪያ ያለችውን ቦታ ራሳቸው በትንሽ ብሩሽ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቀቧት፤ ሚስማሩ ላይ አንድ ጠብታ አልነካም። ሥዕሉን መልሰው ሲሰቅሉ «እማማ፣ እንደ ነበረ ነው?» ብለው ጠየቋት። እናቴ የመረቀቻቸውን ምርቃት እዚህ ሁሉ ብጽፈው አያልቅም።

እንከን የላቸውም አልልም። ዝግ ይላሉ፤ እኔ በሳምንት ያልቃል ያልኩት አሥር ቀን ፈጅቷል። ዋጋቸውም ከቀደሙት ሁለቱ ከፍ ይላል፤ ለሁለቱ የከፈልነው ሲደመር ግን የእርሳቸው ረከሰ። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም፤ ማታ ግን መልሰው ይደውላሉ። ሠርጉ በጥር በሰላም ተፈጸመ፤ ከሙሽራዋ ቀጥሎ ብዙ የተመሰገነው ግድግዳው ነበር፤ ከእንግዶቹም ሁለቱ ቤታቸውን በእርሳቸው አስቀብተዋል።

ቤት ለማስቀባት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ጥሩ፤ እደግመዋለሁ፣ እባካችሁ ጥሩ። ስልካቸው በአደባባይ እንዳይለጠፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ፋሲካ እየደረሰ ስለሆነና ሰው ሁሉ ለበዓል ስለሚያስቀባ ዛሬውኑ ብትደውሉ ይሻላችኋል። ከመደወላችሁ በፊት ግን ጓሮ ዞራችሁ አሸንዳችሁን እዩ፤ እርሱ ሳይጠገን ከመጡ ላስቲካቸውን ለጥፈው ይመለሳሉ።