«የፒያኖውን ጨርቅ ቀይሬዋለሁ» ሲሏችሁ ቁልፉን ሳታስነሱ እንዳትከፍሉ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ፒያኖ ያላችሁ ወይም ለልጆች ትምህርት ያገለገለ የገዛችሁ ሁሉ፣ ለጠጋኝ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይችን አንብቡ።

የእኛ ቤት ፒያኖ ቁልፎቹ ወደ ጎን እየተወላገዱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመሩ። የመጣው ጠጋኝ ችግሩን አልዋሸም፤ ጨርቁ አልቋል አለን። ቁልፉ ረጅም እንጨት ነው፣ መሃሉና ፊቱ ላይ በሁለት የብረት ፒኖች ተይዞ ይቀመጣል። ፒኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ግራና ቀኛቸው በቀጭን የሱፍ ጨርቅ የተለበጠ ነው። ጨርቁ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል፣ ብልም ይበላዋል። ሰውየው ሁሉንም ሊቀይር ተስማምቶ ግማሽ ሒሳብ ተቀበለ። ከምሳ በኋላ መጥቶ ሳይመሽ «አለቀ» አለ።

እስቲ አስሉት። 88 ቁልፍ፣ በየቁልፉ ሁለት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ሁለት ቁራጭ፤ 352 ቁራጭ ጨርቅ ነው! አሮጌው በእንፋሎት ወይም በውሃ ረጥቦ ኮላው ሲለቅ ነው የሚወጣው። በቢላ የሚፍቅ ሰው እንጨቱን ያበላሻል። አዲሱ ውፍረቱ ተመርጦ ይለጠፋል፣ እስኪደርቅም በልኩ የተሠራ ሽብልቅ ይገባበታል። ይህ በግማሽ ቀን አያልቅም።

የሠራው ሌላ ነው። የፊተኛው ፒን ሞላላ ነው፤ በፒንሳ ትንሽ ከጠመዘዙት ሰፊው ጎኑ ወደ ጨርቁ ዞሮ ቁልፉ ወዲያው ይጠብቃል። ለእጅ አዲስ ይመስላል። ግን ፒኑ ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚነካው በጠርዙ ስለሆነ የተረፈችውንም ቶሎ ይጨርሳታል። እኛ ቤት መወላገዱ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ይባስ ብሎ የተላቀቀውን ጨርቅ በሱፐር ግሉ ነክሮታል። ሱፉ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ ለሚቀጥለው ባለሙያም ማውጣቱ ፈተና ነው።

ስለዚህ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት እናንተ የመረጣችኋቸውን ጥቂት ቁልፎች እዚያው ያንሳላችሁ። ብዙ የሚመታው መሃሉ ስለሆነ ከመሃል ምረጡ። ቁልፉን ገልብጡና የፊተኛውን ቀዳዳ እዩ፤ አዲስ ጨርቅ ጸጉሩ አለ፣ ያረጀው ተልጎ ያብረቀርቃል። ከዚያ የፊት ፒኖቹን በመስመር ተመልከቱ። ዞረው ከቆሙ ወይም የፒንሳ ጥርስ ካረፈባቸው ነገሩ ገብቷችኋል። ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰም አትቀበሉ። በበጋ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ቁልፍ በክረምቱ እርጥበት የተነሳ ይጣበቃል።

(ኪቦርድ ያላችሁ፣ ይህ እናንተን አይመለከትም። ውስጡ ሌላ ነው።)

ስትዋዋሉም ሥራው ስንት ቀን እንደሚወስድና የትኛውን ጨርቅና ኮላ እንደሚጠቀም በጽሑፍ ይስጣችሁ። ቁልፎቹን ወደ ሥራ ቦታው ልውሰድ ካለ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው፤ ቁጥር ስላላቸው አይቀላቀሉም። መኪና ስታሠሩ እንደምታደርጉት አሮጌውን ጨርቅ በፌስታል አስመልሱ። ያን ሁሉ ቁራጭ ማሳየት ካልቻለ አልቀየረውም።

የእኛ ሰው አሁን ስልክ አያነሳም። የተጠመዘዙትን ፒኖች ፎቶ አንስቻለሁ፣ ከራሳችሁ ጋር ማስተያየት የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ እልካለሁ።