አባይ ማዶ ያለችው አሳ ቤትና አሳ የማይስማማው ልጄ

ልጄ አሳ አይስማማውም። አይወደውም ማለቴ አይደለም። ከቀመሰ ሰውነቱ ሳማ እንደለበለበው ሰው ይነፋፋል። ባሕር ዳር እየኖሩ ደግሞ አሳ የማይጠበስበት ምግብ ቤት መፈለግ ጭንቅ ነው። ለዚህ ነው ያገኘኋትን ቤት ልንገራችሁ ያልኩት።

መጀመሪያ የተነሳበት በ3 ዓመቱ ነው። እናቴ "ምች መቶት ነው" ብላ ዳማከሴ አሸችለት። ጎረቤቴ ደግሞ "ትንሽ ትንሽ ስጪው፣ ሲለምደው ይተወዋል" አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችኝ፤ ግን ይህን ምክር እባካችሁ አትስሙ።

አምና ልደቱን ልናከብር ሐይቁ ዳር አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁን "አሳ የለበትም አይደል?" አልኩት። "ኧረ የለበትም እናቴ፣ ድንች ብቻ ነው" አለኝ። አልዋሸም፤ ድንች ብቻ ነበር። ግን የተጠበሰው፣ ቀረሶ የሚባለው አሳ ሲጠበስበት በዋለ ዘይት ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልጄ ከንፈሩን ማሸት ጀመረ። አንገቱ ላይ ሽፍታው ፈጦ ወጣ፣ የዓይኑ ቆብ አበጠ፣ ከዚያ ትንፋሹ "ሲር ሲር" ማለት ጀመረ። በባጃጅ ይዤው በረርኩ። ጭኑ ላይ አድሬናሊን ወጉትና ዳነልኝ።

ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው የአሳው ፕሮቲን ነው። ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም፣ ዘይቱ ውስጥም ይቀራል። ቀረሶውን ትቶ አምባዛ መብላትም አያዋጣም፤ ይህ ፕሮቲን በአብዛኞቹ አሳዎች ውስጥ ይገኛል። የማሳከኪያ ኪኒን ደግሞ ሽፍታውን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ትንፋሽ ሲያጥር አያድንም፤ ያኔ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አሳ አለበት?" ብዬ አልጠይቅም። "በየትኛው ዘይት ነው የምትጠብሱት?" ነው የምለው።

ይህን ጥያቄ ስንት ቦታ ጠይቄ ፊት ነስተውኛል። አባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው ቤት ግን ሌላ ናት። በሯ ላይ ስም የላትም፣ ሰው "እትዬ ቤት" ነው የሚላት። አሳ ጉላሽ፣ አሳ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ድንች፣ በቃ። ጥያቄዬን ስጠይቅ እትዬ ራሷ ከጓዳ ወጣች። "ልጁ ነው የማይስማማው? ነይ እስቲ ግቢና እይ" አለችኝ።

ገባሁ። እጇን በሳሙና ታጠበች። ከግድግዳው ላይ ትንሽ መጥበሻ አወረደች። ያልተከፈተ ዘይት ከፍታ ጨመረች። ድንቹን በሌላ መክተፊያ፣ በሌላ ቢላዋ ከተፈች። ጭልፋውን ሳይቀር ቀየረች። እኔ ሳልነግራት "እንጀራውንም ለብቻ ላድርግለት፣ የሰው እጅ አለበት" ስትል እንባዬ መጣ። ልጄ ሽሮውንና ድንቹን ጥርግ አድርጎ በላ። እኔ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል አንገቱን እያየሁ ነበር። ምንም የለም።

አሳውም ደግ ነው። ባለቤቴ ጥብሱን በላ፣ ውጭው ቁርጥም የሚል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው አለኝ። እኔ ከልጄ ጋር ስሆን አሳ አልነካም። ለሦስታችን 900 ብር ከፈልን።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ የጥብሱ ጭስ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። የአሳ እንፋሎት ብቻ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉና ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሁለተኛ ስንሄድ ደግሞ እትዬ አልነበረችም። አብራት የምትሠራው ልጅ "ዘይቱ ያው ነው፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። ልጄን ሙዝ አብልቼ ወጣሁ። በማግስቱ ለእትዬ ነገርኳት። በሦስተኛው ስንሄድ ትንሿ መጥበሻ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባታል፤ ልጅቷም "ይቺን አሳ አይነካትም" ብላ አሳየችኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከዚያ በኋላ ሰው ይሞላል፣ ምድጃው ላይ ለትንሿ መጥበሻ ቦታ አይገኝም።