የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ፍላሽ ላይ ላስጭነው ወይስ ሲዲውን ልግዛ?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ። አንዱ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ አንዷ በስልክ፣ ሦስተኛው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ። «ያ የጃኖ የሮክ አልበም ይገዛል? ከተገዛስ ፍላሽ ላይ ላስጭነው ወይስ ሲዲውን ልፈልግ?» በየቦታው ግማሽ ግማሽ መመለስ ሰልችቶኛል። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው። ከወዲሁ እወቁት፤ እኔ የሲዲው ወገን ነኝ። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ወገንነቱ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። «ኤርታሌ»ን ለዓመታት የማውቀው ከፍላሽ ነበር። ሙዚቃ ቤት አስጫንኩት፣ ሁለት ቀን ሰማሁት፣ «ጩኸት ነው» ብዬ ተውኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ አወራሁ። ድራሙ ላይ ያሉት ሳህኖች፣ ሲምባል የሚሏቸው፣ የጋለ ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት ይመስላሉ። ሽሽሽሽ ብቻ። ቤዙ የት እንደገባ አይታወቅም። ድምፃውያኑ አንድ ላይ ሲገቡ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ይህን ሁሉ የማስበው የባንዱ ጥፋት አድርጌ ነው።

አምና ክረምት አንድ አብሮ አደጌ በመኪናው ኮምቦልቻ ይዞኝ ወረደ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከብዶ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ልጁ ሲዲ ከተተ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ቤዙ ወንበሬን ከሥር ሲነዝረው «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ጩኸት ያልከው ነዋ!» እስከ ኮምቦልቻ መግቢያ አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ሳህኖቹ ለየብቻ ይሰማሉ። ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ ሲጠፋ ሁሉ ይሰማል። ሴቶቹና ወንዶቹ ሲቀባበሉ የማን ድምፅ የት እንደቆመ ጆሮ ያገኘዋል። ለካ ስሰማ የኖርኩት ቀለሙ ካለቀ ማሽን የወጣ ፎቶ ኮፒ ነበር።

ለማያውቁት በአጭሩ፤ ጃኖ የአዲስ አበባ ሮክ ባንድ ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ ራሱ ቤዝ ተጫዋች። እንዲህ ያለ ሰው የሠራውን አልበም ቤዝ በሌለበት ፍላሽ መስማት፣ እንግዲህ ፍርዱን ለናንተ። አልበሙ ላይ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን አሉ። ጊታሩና ድራሙ የሮክ ነው፤ ዜማው ግን የኛን ቅኝት አይለቅም። ባቲና አምባሰል ቅኝትም አገርም ለሆኑበት ለወሎ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ክራር ነው የሚመታው?» ብላኛለች። ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ሒሳብ ነው። ኦሪጅናል ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ የመረጃ መጠን መለኪያ ነው፣ ያጫውታል። ለኔ የተጫነልኝ ኤምፒስሪ፣ ማለት የተጨመቀው የዘፈን ፋይል፣ 128 ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ያህል ያንሳል። የአንድ ሰዓት ሲዲ 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ128 ሲጨመቅ 58 ሜጋ ይሆናል። ለጫኙ ይመቸዋል። «አንድ ሺህ ዘፈን ሞላሁልህ» ለማለት ነው። እንዲህ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። አንድ ማሲንቆና አንድ ድምፅ ብቻ ያለበት ትዝታ ይህን ይችላል። እቤታችን ከካሴት ወደ ካሴት ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ የማይታወቅ ትዝታ አለ፤ እናቴን ዛሬም ያስለቅሳታል። ሮክ ግን አይችልም። ጊታሩም፣ ሳህኑም፣ አራቱም ጉሮሮ በአንዴ ሲመጡ ቦታው አይበቃቸውም። እርስ በርስ ይበላላሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው ፍላሽ የሚመርጠው በዋጋ ስለሆነ።

እኔ ስጠይቅ 16 ጊጋ ፍላሽ 450 ብር ነበር። ማስጫኛ 100። በድምሩ 550። ጥሩ። የኔን ጉድ ደግሞ ስሙ። አንድ ሱቅ 64 ጊጋውን በ400 ብር ሰጠኝ። 16ቱ 450 እየተባለ 64ቱ 400! እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም፤ እንዲያውም ቶሎ ከፍዬ ወጣሁ፣ ሻጩ ዋጋውን ሳያውቀው አይቀርም ብዬ። በ100 ብር አስሞላሁት። ማታ ስከፍተው የዘፈኑ ስም አለ፣ ድምፁ የለም። አንዳንዱ ይጀምርና መሃል ላይ ሌላ ዘፈን ይገባበታል። ወደ ሱቁ ስመለስ ሻጩ «አብሽር፣ ፎርማት አድርገው ይስተካከላል» አለኝ። ፎርማት አደረግኩ፣ መቶ ብር ከፍዬ እንደገና አስጫንኩ። ያው። ለሦስተኛ ጊዜም መቶ ከፈልኩ። 700 ብር ገባ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛዬ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሲፈትሸው እውነተኛው መጠኑ 8 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ያለችው ቺፕ 64 ነኝ እያለች ትዋሻለች፤ 8ቱ ሲሞላ አዲሱ ዘፈን ወይ ስሙ ብቻ ይቀራል ወይ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ፎርማት ምን ያድርግ!

ስለዚህ ፍላሽ ከገዛችሁ እዚያው እስከ አፉ አስሞሉትና መጀመሪያም፣ መሃልም፣ መጨረሻም ከገቡት ዘፈኖች ከፍታችሁ ስሙ። የአንዱን ጫፍ ብቻ ማየት አይበቃም።

«በ128 ሳይሆን በ320 ጫንልኝ» ብሎ 50 ብር መጨመርም አለ። ከዩቲዩብ የወረደውን 320 ነው ብሎ ቢቀይረው ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። ውሃ የገባበትን ወተት ትልቅ ጣሳ ውስጥ እንደመገልበጥ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ድምፁን በቀለም ሥሎ በሚያሳይ ስፔክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ይክፈተው። ቀለሙ 16 ሺህ ኸርዝ ላይ፣ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፣ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ተበልታችኋል።

ሲዲውም ቢሆን ጣጣ አለው። ከሐረጎው ቀን በኋላ ስቸኩል አንድ አዟሪ 150 ብር ሸጠልኝ። ሽፋኑ ያምራል። እቤት ገብቼ ስገለብጠው ሥሩ ወይን ጠጅ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተገለበጠ፣ ያውም ከዚያው ከኤምፒስሪ። የሲዲ ዋጋ ከፍዬ ፍላሹን ደግሜ ገዛሁት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ሁለት ወር እንደቆየ መዝለል ጀመረ። እንዲህ ኮምፒውተር ላይ የተገለበጠ ሲዲ ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል።

ኦሪጅናሉን ለመለየት ገልብጡት። ሥሩ እንደ መስታወት ብርማ መሆን አለበት፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ የሚል ከሆነ ኮፒ ነው። መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ ዙሪያ በቀጭኑ የታተመ ቁጥርና ፊደል ፈልጉ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ትልቁን ርዕስ ሳይሆን ደቃቃውን ጽሑፍ አንብቡ። ፎርጅድ ላይ ደቃቃው ይፈስሳል።

ኦሪጅናሉን በመጨረሻ በ350 ብር አገኘሁት። ማጫወቻውስ? ያገለገለ ዲቪዲ 1,200 ብር። ሦስት ሳምንት ሠርቶ «ዲስክ የለም» ማለት ጀመረ። አንዱ ሠሪ ሳይከፍተው «ሌንሱ ሞቷል፣ 900 ብር» አለኝ። ብር ስላልነበረኝ ብቻ ይዤው ተመለስኩ። እንኳን አልነበረኝ! ሌላ ጋ አንድ ሸምገል ያሉ አባት ከፈቱት፣ ጥጥ አልኮል አስነክተው ሌንሷን ሁለቴ ጠረግ አደረጉ፣ «ክተት እስቲ ልጄ» አሉኝ። ሠራ። «ስንት ልክፈልዎት?» ስላቸው 100 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥጥና አልኮል፤ ሌንስ ግዛ የሚል ካለ ከፍቶ ያሳያችሁ።

ደምሩት። 350፣ 1,200፣ 100። 1,650 ብር። የፍላሹ 550 ሦስት እጥፍ ነው፤ አልክድም። ግን ዲቪዲው አንዴ ነው የሚገዛው። እኔ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሲዲዎችም አጫውቼበታለሁ። የኔን የፍላሽ 700 ደግሞ አትርሱ፤ አንድም ዘፈን በደንብ ሳልሰማ የሄደ ነው።

ዲቪዲ መግዛት ለማትፈልጉ ሌላ መንገድ አለ። ሲዲ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሰው ተዋሱ። ከኦሪጅናሉ ራሳችሁ በ320 ወደ ስልካችሁ ገልብጡት። ለአንድ ሰዓት 144 ሜጋ ገደማ ቢይዝ ነው። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ከሲዲው መለየት አቅቶኛል። ወጪው 350 ብርና ለላፕቶፑ ባለቤት አንድ ቡና።

ዩቲዩብ የሚል ይኖራል። በሰማችሁት ቁጥር ዳታ ይበላል። በኔ ስልክ ደግሞ ሐረጎ ላይ ጊታሩ ሊጀምር ሲል ይሽከረከራል። በቃ።

ፍትሐዊ ልሁን ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ሲዲውም ሁሉንም አያድነውም። አልበሙ ዕረፍት ይጎድለዋል። ከአንዱ ኃይለኛ ወደ ሌላው ኃይለኛ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ጊታሩ ዝም ብሎ ድምፃዊቷ ብቻዋን ብትቀር እላለሁ። ግጥሙ በየመሃሉ ከጊታሩ ሥር ይቀበራል። ይህ የፍላሹ ጥፋት መስሎኝ ነበር፤ ሲዲው ላይም አለ። ድምፁን ዝቅ አድርገው የሚሰሙት ዓይነትም አይደለም። ዝቅ ሲል ያ ሁሉ ጉልበት ይጠፋና ነዝናዛ ይሆናል። እንግዳ ባለበት ሳሎን አይከፈትም። አጎቴ አንዴ ገብተው «ምን ተናደ?» ብለዋል። ጥንካሬው ግን እዚያው ነው። የሮክ ልብስ ለብሶ ሌላ አገር የሄደ አይመስልም። አራት ሰው ሲቀባበል ደግሞ የሠርግ ቤት ተቀባዮችን ያስታውሰኛል፤ ይህን ከፍላሹ ሰምቼው አላውቅም።

ባጃጅ ለምትነዱ ወንድሞቼ ፍላሽ ይበቃችኋል። በዚያች ትንሽ ስፒከርና በዚያ የሞተር ድምፅ 128 ሆነ 1,411 ማን ይለያል! 550ዋን አውጡ፣ ዘፈኖቹን እንዳልኳችሁ ፈትሹ፣ ሂዱ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና የመኪና ቴፕ ላላችሁ ግን ፍላሹ ክፉ ምክር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ከስልክ ሽፋኖች ጀርባ፣ ከላስቲካቸው ያልወጡ ሁለት ኦሪጅናል አየሁ። አንዱን ለእህቴ ወሰድኩ። አንዱ ቀርቷል። 400 ይሏችኋል። 350 በሉና ዞር በሉ፤ በሩ ጋ ሳትደርሱ ይጠሯችኋል።