ቤልጅግን ትቼ ኤስኬኤስ ከያዝኩ ዘጠኝ ወር፦ በውሻ ለሚታደን እሪያ የትኛው ጥይት ይሻላል?

ይህን የምጽፈው በወምበርማ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ በቆሎ ለሚዘሩና እሸታቸውን ከእሪያና ከከርከሮ በውሻ ለሚከላከሉ ሰዎች ነው። ከአምና ነሐሴ እስከ ዘንድሮ ሚያዝያ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ከአባቴ የወረስኩትን ቤልጅግ፣ በእጅ የሚቀባበለውን አሮጌ ጠመንጃ፣ አስቀምጬ በ7.62 በ39 ጥይት (የእርሳሱ ስፋትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር) የሚሠራ፣ ራሱ የሚያቀባብል ኤስኬኤስ ይዤ ወጥቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ እሪያና ሁለት ከርከሮ ተኩሼ መትቻለሁ፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ወድቀዋል፣ ሦስቱን ውሾቹ ተከትለው አግኝተዋቸዋል፣ አንዱን ግን እስከ ንጋት ፈልገን አጥተነዋል። ጠመንጃው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ የሰብሉ ጉዳት ታይቶ ከወረዳ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ጠብቀናል። ይህን የሚዘልል ሰው ካለ የቀረውን ባያነበው እመርጣለሁ።

ቤልጅጉን እንዳስቀምጠው ያደረገኝ አምና በጥቅምት የደረሰው ነገር ነው። በቆሎው ደርቆ ሊታጨድ ሲል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ደፋርና ማን ያውቃል የሚባሉት ሁለቱ ውሾቼ አንድ ትልቅ ወንድ እሪያ ከማሳው ዳር ካለ ኩይሳ ጋር አጣብቀው አቆሙት። እሪያው ጀርባውን ለኩይሳው ሰጥቶ አፉን እያፏጨ ይወናጨፋል፤ ደፋር ከፊት ይጮኻል፣ ማን ያውቃል ከወዲያ በኩል ዞሮ ነበር፤ እኔ ግን የባትሪው ብርሃን እሪያው ላይ ብቻ ስለነበር እሱን አላየሁትም። በስምንት እርምጃ ርቀት ተንበርክኬ ተኮስኩ። ጥይቱ የእሪያውን ሳንባ በስቶ ወጣና በማዶ የቆመውን ውሻዬን የኋላ ታፋ መታው። እሪያው ስልሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ወደቀ፤ ማን ያውቃል በሕይወት ቢተርፍም እስከ ዛሬ በሦስት እግሩ ነው የሚሄደው። እግሩን በነጠላ አስሬ ተሸክሜው ስመለስ፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ያንን ጠመንጃ ከውሻ ጋር ይዤ እንደማልወጣ ለራሴ ወሰንኩ።

ጥፋቱ በመጀመሪያ የእኔ ነው፤ ከማዶ ያለውን ሳላይ ተኩሻለሁ። ሆኖም ጥይቱም ድርሻ ነበረው። የቤልጅጉ 7.92 በ57 ጥይት እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 12.8 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይወረውራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚሸከመው ጉልበት ወደ 3,700 ጁል ይጠጋል። ይህ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ለሚተኮስ ጦር የተሠራ ነው። በአንጻሩ የኤስኬኤሱ እርሳስ ወደ 8 ግራም ይመዝናል፣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበርራል፣ ጉልበቱም ከ2,000 ጁል ጥቂት ቢበልጥ ነው። ውሻ ከብቦ ያቆመው እሪያ የሚተኮሰው ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት እርምጃ ባለው ርቀት ነው። በዚያ ርቀት ትርፍ የሆነው ጉልበት ሁሉ እሪያውን አልፎ ከበስተኋላው ወዳለው ነገር ይሄዳል።

የእሪያና የከርከሮ ሥጋ በእኛ ዘንድ ስለማይበላ፣ ጥይቱ ሥጋ ያበላሻል አያበላሽም የሚለው ክርክር እኛን አይመለከተንም። የምንፈልገው እንስሳው ሳይሠቃይ ባለበት እንዲወድቅ፣ ውሻውና አባራሪው ሰውም ደኅና ሆኖ እንዲመለስ ነው። ከርከሮው በቀን የሚወጣ በመሆኑ ብዙ አያስቸግርም፤ ሲያሳድዱት አዋልድጌሳ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ገብቶ ክራንቻውን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ውሻን ወደዚያ መልቀቅ ለሞት መላክ ነው። እሪያው ግን የሌሊት እንስሳ ነው፤ የታችኛው ክራንቻው አጭር ሆኖ ሳለ ከላይኛው ጋር ሲፋተግ የሚውል ስለሆነ እንደ ምላጭ ይስላል። ውሻ የሚተለትለው በእሱ ነው። ልቡም ብዙ ሰው ከሚያስበው በታች፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ እንደ በሬ አስቦ ከፍ አድርጎ የሚያልም ሰው ከጀርባው አጥንት በላይ ያለውን ሥጋ ይመታና እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል። ያ ያጣሁት አንዱ እሪያ የጠፋው በዚህ ስሕተት ይመስለኛል።

ስለ ኤስኬኤሱ ጥይት በዘጠኝ ወር ያየሁትን በግልጽ ልናገር። እኛ ዘንድ የሚገኘው የወታደር ጥይት ነው፤ እርሳሱ በሙሉ በብረት የተሸፈነ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ አይፈነዳም፣ አይሰፋም። የሶቪየት ሥሪት የሆነው፣ ውስጡ የብረት እምብርት ያለበት ዓይነት፣ ሥጋ ከገባ በኋላ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይጓዝና ከዚያ በኋላ ነው መገልበጥ የሚጀምረው። የአንድ እሪያ ደረት ከጎን ወደ ጎን ቢለካ ከዚያ እምብዛም አይበልጥምና፣ ጥይቱ ሳይገለበጥ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ትቶ ይወጣል። የዩጎዝላቪያው ዓይነት፣ እምብርቱ እርሳስ የሆነው፣ ገና 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲገባ ይገለበጣል፤ ባገኘው የምመርጠው እሱን ነው። ስለዚህ ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ መጠን፣ ስላነሰ ብቻ ጥይቱ በእሪያው ውስጥ ይቀራል ብሎ የሚያምን ሰው ይሳሳታል፤ ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ላይ ጥይቱ አልፎ ወጥቷል።

ታዲያ ምን ተጠቀምኩ? በቤልጅጉ አንድ ጊዜ ከተኮስኩ በኋላ ትከሻዬ ተመትቶ፣ እጄ ከቃታው ለቆ ማቀባበያውን ጎትቶ እስኪመልስ ድረስ እሪያው የት እንዳለ፣ ውሻው የት እንደዞረ አላውቅም ነበር። ይህን ስለማውቅ ደግሞ የመጀመሪያው ጥይት እንዳይስት እፈራና ቸኩዬ እተኩስ ነበር። ኤስኬኤሱ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ ስለሚያቀባብል፣ ትከሻንም እምብዛም ስለማይመታ፣ ዓይኔ ከእሪያው ላይ አይነሣም። ሁለተኛ ጥይት እንዳለኝ ማወቄ ቸኩዬ እንዳልተኩስ አድርጎኛል፤ ውሻው ዞር እስኪል፣ እሪያው ጎኑን እስኪሰጠኝ ድረስ እጠብቃለሁ። ለእኔ የካሊበሩ ትልቁ ጥቅም ይህ ትዕግሥት ነው። አሥር ጥይት ይይዛል፤ እኔ ግን አራት ብቻ አጎርሰዋለሁ፤ ውሻ ባለበት ቦታ ከዚያ በላይ መተኮስ ያስፈለገው ሰው መተኮሱን ማቆም አለበት።

ሌላው ልማዴ ቆሞ ወደ ታች መተኮስ ሆኗል። ተንበርክኮ የተኮሰ ሰው ጥይት ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል፤ ከአፋፍ ወይም ከኩይሳ ላይ ቆሞ የተኮሰው ግን እሪያውን ቢያልፍም አፈር ውስጥ ይቀበራል። በታረሰ ቀይ አፈር ላይ ይህ በጣም ይሠራል። በወንዝ ዳር፣ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ግን ጥይቱ ነጥሮ የት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ፣ በበጋ በመስኖ ድንች ዳር ሁለት ጊዜ ሳልተኩስ ውሾቹን ጠርቼ ተመልሻለሁ። በመካከላችንም የሚተኩስ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ሌሎቹ ባትሪና ዱላ ይይዛሉ።

ከጠመንጃው ጉድለት ሁሉ ትኩረት የሚፈልገው መምቻ መርፌው ነው። የብዙዎቹ ኤስኬኤሶች መርፌ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ በቅባት ወይም በቆሻሻ ተይዞ ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ፣ ጠመንጃው ሲቀባበል ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። በመስከረም አንድ ሌሊት ከመውጣቴ በፊት ማቀባበያውን አውጥቼ ስነቀንቀው የወትሮው የመርፌው ኳኳታ አልተሰማኝም፤ ስከፍተው ከክረምት የቆየ ቅባት እንደ ሙጫ ደርቆ ይዞት ነበር። በናፍጣ አጥቤ አደረቅኩትና ድምፁ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሳልነቀንቅ ወጥቼ አላውቅም፤ ሲጎርስም አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው። ከዚህ ሌላ፣ የአሮጌ ጥይቶች ባሩድ ማቀጣጠያ ጨው ስለሚተው በክረምት እርጥበት አፈሙዙና የጋዙ ቱቦ በሁለት ቀን ይዝጋል። ዘይት ብቻውን ጨውን አያወጣም፤ መጀመሪያ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት ያስፈልጋል። ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፈው ሳንጃ ፊቱን ያከብደዋልና አውልቄዋለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። አንዳንድ ሰዎች የወታደሩን ጥይት አፍ በሞረድ ቆርጠው “እንዲፈነዳ” ያደርጋሉ። የእርሳሱ ሽፋን ከኋላ ክፍት ስለሆነ፣ አፉ ሲቆረጥ ውስጡ ብቻ ተወርውሮ ሽፋኑ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲመጣ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ለአደን የተሠራ፣ ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነ ጥይት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በእኛ ገበያ የለም፣ በሞረድም አይሠራም።

በመንደራችን አያ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ የውጅግራን፣ የዚያን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ፣ ነገር ያነሡብኛል። “አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ አንድ ጥይት ነበረን፤ እሪያውም እዚያው ይቀር ነበር” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የውጅግራው ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን ልሙጥ እርሳስ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለውሻ አደን ከእሱ የተሻለ አልተሠራም ብል አላፍርም። ነገር ግን ጥይቱ ጠፍቷል፤ ቤት ያለውም በአብዛኛው ይከሽፋል። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል ወዲያው መክፈት አደገኛ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አፈሙዙን ወደ መሬት እንዳዞሩ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። የቤልጅጉም ጥይት ወደዚያው እያመራ ነው፤ አባቴ ከተዉልኝ ውስጥ አምና ከአምስት አንዱ ከሽፎብኛል።

ቤልጅጉን አልሸጥኩትም። ውሻ የሌለው ሰው፣ ማማ ላይ ተቀምጦ በጨረቃ ብርሃን ከመቶ እርምጃ በላይ የሚያልም ከሆነ፣ ከበስተኋላው የሰው ቤትና መንገድ አለመኖሩን ቀን አይቶ ካረጋገጠ፣ ከኤስኬኤሱ ይልቅ እሱን ይያዝ፤ በዚያ ርቀት 7.62 በ39ኙ ይደክማል፣ ያቆሰለውንም እሪያ በሌሊት የሚከተል ውሻ የለም። ውሻ ይዞ የሚወጣ ግን ትንሹን ይያዝ። እኔ ለመጪው ክረምት የቀረኝን ጥይት ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ የሶቪየቱን ለማባረሪያ፣ ጥቂቱን የዩጎዝላቪያ ደግሞ እሸቱ ለሚደርስበት ለመስከረም አስቀምጫለሁ፤ ለደፋርም ከባትሪው ብርሃን ውጭ ሲሆን እንዳየው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሬለታለሁ።