ባለ ሰባት ክር ጊታር ልትገዙ ከሆነ ፍሬቱን አስቀድሙ

ባለፈው ዓመት ባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር በኢንተርኔት አዘዝኩ። ሳጥኑን ስከፍተው ጊታሩ ያምራል። ቀለሙ እንከን አይወጣለትም። ኔኩን፣ ማለትም የጊታሩን አንገት፣ ይዤ እጄን ከላይ ወደ ታች ሳንሸራትት ግን የሆነ ነገር አመልካች ጣቴን ቧጨረኝ። የፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፍ ነው። ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ ወጣ ብለው እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድረዋል። ቃኘሁትና ቀጭኑን ክር 15ኛው ፍሬት ላይ ይዤ ቤንድ ሳደርግ፣ ማለትም ክሩን በጣቴ ወደ ጎን ስገፋው፣ ድምፁ ድንገት ታፈነ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። "በዚህ ዋጋ የተለመደ ነው" አሉኝ።

የተለመደ መሆኑ እውነት ነው። የሚያናድደኝ ገዢው ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን መክፈሉ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "ወንድሜ፣ ባለ ሰባት ክር ጊታር በሰው ላክልኝ፤ የትኛውን ልያዝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ ለምን ባለ ሰባቱ ላይ ችግሩ ይብሳል? በ1990 የጊታር አምራቹ አይባኔዝ ከጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ቫይ ጋር ሆኖ ዩኒቨርስ የተባለውን ጊታር አወጣ። በፋብሪካ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ኮርን ያሉ የሜታል ባንዶች ይዘውት ብቅ አሉና ፈላጊው በዛ። ዛሬ ርካሾቹ በአብዛኛው ኢንዶኔዥያና ቻይና ይሠራሉ። ዋጋው ወርዶ ብዙ ሰው መግዛት መቻሉ ደስ ይላል። የወረደው ግን ከየት ተቀንሶ ነው? እንጨቱን የሚቆርጠውም፣ የፍሬቱን ቦይ የሚሰነጥቀውም ማሽን ነው። የፍሬቱን ጫፍ በሞረድ አለስልሶ፣ አናቱን አስተካክሎ ማወልወል ግን ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ይፈልጋል። 24 ፍሬት ያለው ጊታር 48 ጫፍ አለው። ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቸኮለው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ላይ ሰባተኛው ክር አለ። ሲቃኝ ድምፁ ቢ (B) ነው፣ በሰከንድ 62 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመታ ሰፊ ቦታ ይዞ ይወዛወዛል። ባለ ስድስቱ ላይ ማንም የማያስተውለው የፀጉር ያህል ከፍ ያለ ፍሬት እዚህ ዝዝ ይላል። ሰሌዳውም፣ ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት፣ ሰፊ ነው። ባለ ስድስቱ ነት ላይ፣ ማለትም ክሮቹ በሚያርፉበት የአንገቱ ላይኛ ጫፍ፣ 43 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ባለ ሰባቱ 48 ይደርሳል። ፍሬቱ ረዘመ ማለት ነው። የረዘመ ፍሬት መሀሉ በደንብ ገብቶ ጫፉ ብድግ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው የሚያማርጠው ከአይባኔዝ ጂአርጂ7221፣ ከአይባኔዝ አርጂ7421፣ ከጃክሰን ጄኤስ22-7 እና ከሼክተር ኦመን-7 ነው። አራቱም 24 ፍሬት አላቸው። ትልቁ ልዩነት የክሩ ርዝመት ነው። ሁለቱ አይባኔዞች 25.5 ኢንች፣ ማለትም 64.8 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ጃክሰኑና ሼክተሩ 26.5 ኢንች፣ 67.3 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል። ያመጣል። በረጅሙ ላይ ወፍራሙ ክር ይበልጥ ይወጠራል፣ ሲመታም ብዙ አይወዛወዝም። ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ያለበትን ፍሬት በይቅርታ ያልፈዋል። ከባድ ሪትም የምትጫወቱ፣ ቢውን ወደ ኤ የምታወርዱ ከሆነ ከኦመን-7 ወይም ከጄኤስ22-7 አንዱን ውሰዱ።

ቤንድ የምታበዙ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ረጅሙ ላይ ቀጫጭኖቹም ክሮች ይወጠራሉ፣ ጣት ይደክማል። እኔ ትዝታን በጊታር ስጫወት ድምፁን እየጎተትኩ፣ እያንሸራተትኩ ነው። ለዚህ 25.5 ይመቸኛል። አይባኔዞቹ ላይ ደግሞ ሰሌዳው ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ጉብታው የሚከተለው ክበብ ራዲየስ 400 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሌዳው ጎበጥ ባለ ቁጥር ቤንድ የተደረገ ክር ወደ መሀል ሲሄድ ጉብታው ላይ ይነካና ይታፈናል። ጃክሰኑ ነት ጋ በ12 ኢንች ራዲየስ ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ ጊታሩ አካል፣ እስከ 16 ኢንች እየጠፈጠፈ ይሄዳል፤ ቤንድ የሚበዛው ታች ስለሆነ ይህም ጥሩ አሠራር ነው።

ሁለቱን አይባኔዞች እርስ በርስ ላወዳድር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው። አርጂ7421 ከጂአርጂው ይወደዳል። የጨመራችሁበት ለኔኩ ነው፦ ከሦስት የሜፕል ቁራጮች የተጣበቀ ስለሆነ የመጣመም ነገር ይቀንስለታል። ለሰባት ክር ውጥረት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፍሬቱ ጫፍ አያያዝ ግን በሁለቱም ዝርዝር ላይ ልዩ ሥራ ተብሎ አልተጻፈም። አይባኔዝ ጫፍ ማለስለሱን ራሱን ችሎ የሚጠቅሰው ፕሪሚየም በሚላቸው የኢንዶኔዥያ ሥራዎችና ፕሬስቲጅ በሚላቸው የጃፓን ሥራዎች ላይ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ጨምሬ የተሻለ ፍሬት አገኛለሁ" ብላችሁ ከጂአርጂ ወደ አርጂ7421 አትሂዱ። እኔ ብሆን ጂአርጂውን ወስጄ ልዩነቱን ለጊታር ጠጋኝ እከፍላለሁ። አሜሪካ ውስጥ ፍሬት ሌቭል ማስደረግ፣ ማለትም የፍሬቶቹን አናት እኩል ማስደረግ፣ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ዶላር ያስወጣል። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ መሀል ላይ አትቁሙ፣ በቀጥታ ወደ ፕሪሚየሙ ሂዱ።

የፍሬቱ ብረትም በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። ርካሾቹ ላይ የምታገኙት ኒኬል ሲልቨር የሚባለውን ነው። ስሙ ብር ይበል እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ለስለስ ያለ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ይበላል፣ ግን በቀላሉ ይሞረዳል። ስቴንለስ ስቲል ጠንካራ ነው፣ ቤንድ ሲደረግ ክሩ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። መጀመሪያ በደንብ ካልተሠራ ግን ማስተካከሉ ውድ ነው፤ መሣሪያ ስለሚጨርስ ብዙ ጠጋኞች ተጨማሪ ያስከፍሉበታል። በርካሽ ጊታር ላይ ስቴንለስ ስላለው ብቻ አትጓጉ። በመጥፎ የተሠራ ስቴንለስ በመጥፎ ከተሠራ ኒኬል ይብሳል።

የት እንደምትገዙም ከሞዴሉ እኩል ይመዝናል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ከወጡ ሁለት ጊታሮች አንዱ ደህና፣ ሌላው ጉድ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ሄዶ ሁለት ሦስቱን ነካክቶ መምረጥ የሚበልጠው የለም። አውሮፓ ያላችሁ ከጀርመኑ ቶማን ብትገዙ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስዊትዋተር የተባለው ሱቅ የብዙ ጊታሮችን ፎቶ ከነመለያ ቁጥራቸው ያሳያል፤ ያያችሁትን ያንኑ ትወስዳላችሁ። ለአዲስ አበባ የሚላክ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ሰው ከመሄዱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ እንዲገዛ ነገርኩት። እኔ ቤት ይቆይ፣ ልፈትሸው፣ ካልሆነ ልመልሰው።

የአየሩንም ነገር አስቡ። ኔኩ እርጥበት ባለበት አገር ተሠርቶ ደረቅ አየር ሲያገኘው እንጨቱ ይጠባል። ብረቱ አይጠብም። ያኔ ነው ጫፉ የሚወጣው። እኔ በምኖርበት ቀዝቃዛ አገር በበረዶው ወራት የቤት ማሞቂያ ያመጣዋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ የበጋው ደረቅ አየር። የኔ ጊታር የመጣው በጥር ነበር። ይህ ጉድለት ደስ ባይልም የሚያስፈራ አይደለም። ጠጋኝ በትንሽ ሞረድ ጫፍ ጫፉን ያነሳዋል፣ ያልቃል። ሻካራ ፍሬትም በማወልወል ይድናል።

የሚያስመልስ ጉድለት ሌላ ነው። ኔኩ ከተጣመመ፣ ማለትም የቢው ጎን ቀጥ ብሎ የቀጭኑ ክር ጎን ከጎበጠ፣ አትድከሙ፣ መልሱት። ጫፎቹ በጣም ሰያፍ ተሞርደው ቀጭኑ ክር ከፍሬቱ ላይ እየተንሸራተተ የሚወድቅም ከሆነ መልሱት። የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይቀጠልም።

እንደደረሳችሁ እንዲህ ፈትሹ። አሮጌ የነጠላ ቁራጭ በኔኩ ጠርዝ ላይ ሳብ አድርጉ። የነጠላውን ክር ከያዘው የፍሬቱ ጫፍ አልለሰለሰም ማለት ነው። ቀጥሎ የቢውን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ያዙና 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ያንኑ በቀጭኑ ክር ድገሙ፤ ሁለቱ በጣም ከተለያዩ ኔኩን ተጠራጠሩ። ከዚያ ኔኩን በትራስ ሮዱ፣ ኔኩ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ዘንግ፣ ቀጥ አድርጉትና የባንክ ካርድ ጠርዝ በክሮቹ መሀል ሦስት ፍሬት ላይ ብቻ አስቀምጡ። ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘ ቀጭ ቀጭ ካለ መሀለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። ወደ ታች ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ ካርዱ አራቱን ይነካል፤ አሮጌ ካርድ ቆርጣችሁ አጥብቡ። በመጨረሻ ሁሉንም ክር ከ12ኛው እስከ መጨረሻው በየፍሬቱ ቤንድ አድርጉ። የታፈነበትን በወረቀት ማስታወሻ ያዙና ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ሻጭ ፊት "ዝዝ ይላል" ከማለት "15ኛው ላይ ይታፈናል፣ ይኸው" ማለት ይሻላል።

የኔን ጊታር በመጨረሻ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። የፍሬቶቹን አናት በሙሉ በጥቁር ማርከር ቀባው። ከዚያ ረጅም ጠፍጣፋ ሞረድ ይዞ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ አሳለፈበት። 16ኛውና 17ኛው ወዲያው ነጭ ሆነው አበሩ። 14ኛውና 15ኛው እንደጠቆሩ ቀሩ። "ያበሩት ሁለቱ ናቸው ያስቸገሩህ" አለኝ። ሥራው ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀ። ማታ ቤት ገብቼ 15ኛው ላይ ቤንድ ሳደርግ ድምፁ ሳይታፈን እስከ መጨረሻው ዘለቀ።