ለ1971ዷ ኤምጂቢ አዲስ ኢንስታሌሽን፦ ከወራት በኋላ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃው፣ ማለትም የመኪናዋ ሙሉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል (ኢንስታሌሽን)፣ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣል። ግን ሻጮቹ እንደሚያወሩት "ሰክተህ ንዳ" የሚባል ነገር አይደለም። መኪናዬ ላይ ከመጣው ለውጥ ትልቁን ድርሻ አዲሱ ሽቦ ብቻውን አላመጣውም። ሽቦው የሚታሰርበትን ብረት ማጽዳትም የዚያኑ ያህል ሠርቷል። ይህን በግምት አልልም፤ በቴስተር ለክቻለሁ። ቁጥሩን ወረድ ብዬ እሰጣችኋለሁ።

መኪናዋ የ1971 ኤምጂቢ ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ከተማ ሲመረት ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል፤ ብዙው የተሸጠው እዚሁ አሜሪካ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ መለዋወጫ ብዙም አያስቸግረኝም። 1798 ሲሲ ሞተሯ ቀላልና ጠንካራ ነው። በፊያትና በፎልስ ያደገ የአዲስ አበባ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ ቢያየው ይበቃዋል። ጣጣው ያለው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው።

የእንግሊዝ መኪና ወዳጆች የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹን ሉካስን "የጨለማው ልዑል" እያሉ ይቀልዱበታል። ዲናሞውም፣ ሞተሪኖውም፣ ማብሪያ ማጥፊያውም የሱ ነውና መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሰደበው እሱ ነው። ቀልዱ ያስቀኛል፤ አላምንበትም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየን ሽቦ፣ ባለቤት በተቀየረ ቁጥር ቆርጦ የቀጠለውን ሽቦ፣ የትኛው ፋብሪካ ይሥራው ይህን ያህል መቆየቱ ራሱ ይገርማል።

የኔን መኪና መዘዝ ያመጣባት ሬዲዮ ነው። ከኔ በፊት የነበረ ባለቤት ሬዲዮ ሲያስገባ መስመሩን የጠለፈው ከቡናማው ሽቦ ላይ ነበር። ለማያውቅ ሰው ምንም አይመስልም። ሉካስ ግን ለቀለም ሕግ አለው። ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ ፊውዝ የለውም። ነጭ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል፤ እሱም ፊውዝ የለውም። አረንጓዴ ከነጩ ወጥቶ በፊውዝ ያለፈ ነው፤ ፍሬቻ፣ ፍሬን መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ከሱ ይበላሉ። ወይን ጠጁ ከቡናማው ወጥቶ በፊውዝ ያልፋል፤ ክላክስና የውስጥ መብራት የሱ ናቸው። ቀይ የፓርኪንግና የኋላ መብራት ነው፣ ሰማያዊ የፊቱ ትልቁ መብራት፣ ጥቁር ማሳ (ኃይሉ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት)።

እንግዲህ ቡናማው ላይ የተጠለፈ ሬዲዮ ሾርት ቢያደርግ የሚያቆመው ነገር የለም። የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው። አንድ ማታ ከዳሽቦርዱ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ መኪናዋን ዳር አስይዤ ባትሪውን ነቀልኩ። በማግስቱ የሽቦውን ጥቅል ስፈታው ቡናማው ቀልጦ ከጎኑ ካለው ነጭና አረንጓዴ ጋር ተጣብቋል። ቅርፊቱ ደርቆ በጣት ሲነኩት እየተሰበረ ይረግፋል። ከፍ ብሎ ደግሞ የጠረጴዛ መብራት ገመድ ቁራጭ አገኘሁ፤ በቤት መብራት መቀጠያ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ። እንዲህ ከሆነ በኋላ መቀጣጠል ዋጋ የለውም። አንዱን ብትቀይሩት አጠገቡ ያለው የተጎዳ ነው።

ሁለተኛ አስተያየት ለመስማት አንድ አዛውንት አስመጣሁ። አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የመኪና ኤሌክትሪሺያን የነበሩ ናቸው፤ እዚህ ከልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ዋጋውን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

"ለሽቦ ስድስት መቶ ዶላር? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም። ሽቦ ግዛና አምጣ፤ እኔ አንድ በአንድ እዘረጋልሃለሁ።"

"ጋሼ፣ እጅዎትን አውቃለሁ" አልኳቸው። "ግን ነገ እርስዎ በሌሉበት አንዱ ሲበላሽ የትኛው የቱ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?"

ትንሽ አሰቡና "እሱስ ልክ ነህ" አሉ። የሳቸው ኢንስታሌሽን ሁሉ ቀይና ጥቁር እንደሚሆን ያውቁታል። ሶማሌ ተራ አረንጓዴ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሽቦ ፈልጎ የሚያገኝ ማን ነው? ቀለሙ ከሥዕሉ ጋር የሚገጥም ኢንስታሌሽን መግዛት ትርጉሙ ይኸው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የማላውቀው ሰው ኮፈኑን ቢከፍት አረንጓዴ ላይ ቀይ መስመር ያለው የግራ ፍሬቻ መሆኑን ያለ ማንም ያውቃል።

ስታዙ ዓመቱን ብቻ አትናገሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። የኔ በ"ጂኤችኤን5ዩቢ" ይጀምራል። "ዩ" ለአሜሪካ የተሠራ ማለት ነው፤ "ቢ" የ1971 ሞዴል፣ "ሲ" የ1972። በአንድ ፊደል ልዩነት የማይገጥም ጥቅል ይመጣላችኋል። የ1971ዷ ዳሽቦርድ ያ ወፍራሙ፣ ትራስ የመሰለው፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ የሌለው ነው። በ1972 ተቀይሮ ኪስ ያለው መጣ፤ ከኋላው ያለው የሽቦ ቅርንጫፍም አብሮ ተቀየረ። የእንግሊዙን ብታዙ ደግሞ በጭቃ መከላከያው ጎን ላሉት መብራቶች መስመር አታገኙም፤ እነሱ በአሜሪካ ሕግ የመጡ ናቸው። የኔ ዋናው ጥቅል፣ ወደ ኋላ የሚሄደውና የካምቢዮው ተደምሮ ከ600 ዶላር ትንሽ አለፈ።

ሳጥኑ ሲከፈት ዕቃው ያምራል። ሽቦው ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ትክክል ነው፣ ውፍረቱም ከድሮው ጋር እኩል ነው። አብሮ የመጣው ወረቀት ግን ያናድዳል። ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ ገጽ ሥዕል ነው፤ ፊደሉ በማጉያ መነጽርም አይነበብም። ቅርንጫፎቹ ላይ የተለጠፉት ምልክቶችም ግማሾቹ ሳጥኑ ውስጥ ረግፈው ነው ያገኘኋቸው።

መፍትሔው አሮጌውን ሳይቆርጡ ማውጣት ነው። እያንዳንዱን ጫፍ ከመንቀሌ በፊት ወረቀት ለጥፌ ጻፍኩበት። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጋራዡ ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አስተያየሁ። አሮጌው ላይ የሌለ ነገር አዲሱ ላይ ከተገኘ እዚያው ይለያል። አዲሱ ላይ ለኦቨርድራይቭ (ለተጨማሪው የረጅም መንገድ ማርሽ) የሚሆን ጫፍ አለ፤ የኔ መኪና ኦቨርድራይቭ የላትም። ጫፉን በናስትሮ ሸፍኜ አሰርኩት። ከባዱ ሥራ ጥቅሉን ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በግድግዳው ቀዳዳ ማሳለፍ ነው። የቀዳዳውን ጎማ አዲስ አድርጉት፤ አሮጌው ከደረቀ ብረቱ በንዝረት ሽቦውን ይበላዋል። ጎማው ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብታችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ።

መጀመሪያ ኃይል ስታገቡ ባትሪውን በቀጥታ አታስሩ። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ እዚህ ፈረንጆቹም የሚጠቀሙበት ነው። ባለ 12 ቮልት አምፖል በባትሪው ኔጌቲቭና በማሳ ገመዱ መሀል ታስገባላችሁ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በር ተዘግቶ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ሽቦው ከሚቃጠል አምፖሉ ይብራ። የኔ አልበራም። ቁልፉን ሳዞር ደብዘዝ ብሎ በራ፤ ከኋላ የቤንዚን ፓምፑ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ጋሼ ፈገግ አሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአሮጌው ሽቦ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ እያለ፣ የፊት መብራቱ ሶኬት ላይ የሚደርሰው 11.4 ነበር። አዲሱን ገጥሜ ስለካ 12.3 ሆነ። ደስ አለኝ። ጋሼ ግን ምንም ደስ አላላቸውም።

"ማሳውን አይተኸዋል?" አሉኝ።

የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ የመብራቱ ጥቁር ሽቦ ላይ አደረጉት። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን ሲገባው 0.9 አሳየ። ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ኃይል በመመለሻው መንገድ ላይ ይባክናል ማለት ነው፤ አዲስ ሽቦ ገጥሜም! ፊት ለፊት ያለውን የማሳ ቡሎን ፈታሁ፤ ሥሩ ቀለምና ዝገት ብቻ ነው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ከወንበሩ ኋላ ባትሪው የሚታሰርበትንም እንዲሁ። ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘውን ገመድ ደግሞ አዲስ ገዛሁ። እሱ ሲላላ የሞተሪኖው ኃይል በቤንዚን መስጫው ገመድና በቾክ ገመዱ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ እነሱ የሚግሉት ለዚህ ነው። ጋሼ ሁሉንም ቫዝሊን ቀቡልኝ፤ እኔ የገዛሁትን ውድ ሲሊኮን ግራሶ ዞር ብለውም አላዩት። እንደገና ስንለካ 13.2።

ሽቦው 0.9 ጨመረ፣ ማሳው 0.9 ጨመረ። ብርጭቆ ወረቀቱ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ለፊት መብራቶቹ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ከነፊውዙ ጨመርኩ፤ 13.7 ደረሰ። ይህን ለማንም ሰው እመክራለሁ። ኤምጂቢ ላይ የፊት መብራት ፊውዝ የለውም። ኃይሉ ሁሉ በዳሽቦርዱ ማብሪያና በመሪው ሥር ባለችው ትንሽ ማንሻ ውስጥ ያልፋል። ሪሌ ካለ በማንሻዋ የሚያልፈው ኃይል ኢምንት ነው፤ እሷም አትቃጠልም።

ስለ ፊውዝ ካነሳን አንድ ነገር። የድሮው ሉካስ ፊውዝ ላይ 35 አምፔር ተጽፏል። እሱ የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 ብቻ ነው። የአሜሪካ ፊውዝ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የሚሸከመውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከዚህ ሱቅ 35 ገዝታችሁ ብትከቱ ሽቦው ከፊውዙ ይቀድማል። እኔ 15 ነው ያደረግኩት፤ እስካሁን አንድም አልተቃጠለብኝም።

በነዚህ ወራት፣ በብርዱም በሙቀቱም፣ ያየሁት ለውጥ ብዙ ነው። ድሮ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ፍሬን ይዤ ፍሬቻ ሳበራ ፍሬቻው በርቶ ይቀር ነበር፤ አይበራ አይጠፋ። አሁን ሞተሩ በሚኒሞም እየሠራም ሳይዛነፍ ይመታል። የቤንዚን ፓምፑ ድምፅ ጠንከር ብሏል። ክላክሱ ያስደነግጣል። ማታ መንዳት አቁሜ ነበር፤ ጀምሬያለሁ።

ያልተስተካከለም አለ። የዝናብ መጥረጊያው ዛሬም ቀርፋፋ ነው። ኃይሉ በደንብ ይደርሰዋል፤ ውስጡ ያለው ግራሶ ነው የደረቀው። የዳሽቦርዱ መብራትም ደብዛዛ ነው። እሱ ከፋብሪካም ሲወጣ እንደዚያው ነበርና ቅር አይለኝም።

ዕቃው ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ማገናኛዎቹ ላይ ነው። የሉካስ ሽቦ የሚያያዘው የጥይት ቅርጽ ባለው የናስ ጫፍ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ከግራና ከቀኝ አንድ የጎማ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፣ ቱቦው ውስጥ የሚጨብጣቸው ቆርቆሮ አለ። ጫፎቹ ጥሩ ናቸው። አብረው የመጡት ቱቦዎች ግን ልል ናቸው። ብርዱ እንዳለፈ የግራው የኋላ መብራት ጠፋ። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ቀዩን ሽቦ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። አሮጌው ጥቅል ላይ የነበረውን ቱቦ አጽድቼ ብከተው በፒንሳ ካልሆነ አልገባ አለ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ላከ። የላከውም ያው ልል ነው። ሌሎቹን ቀስ በቀስ ከሌላ ቦታ በገዛሁት እየቀየርኩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ከ600 ዶላር በኋላ ይህ የኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ሞተሩ አጠገብ ደግሞ የጥቅሉ መጠቅለያ ጫፉ በሙቀት እየተፈታ ነው። ማጣበቂያ የሌለው ዓይነት ስለሆነ ጫፉን በደንብ ማሰር ያስፈልጋል።

የእናንተ መኪና ሽቦ ቅርፊቱ ገና የሚታጠፍ ከሆነ፣ ማንም ካልቆራረጠው፣ የተቃጠለም ከሌለ፣ ይህን አትግዙ። ማሳውን አጽዱ፣ የጎማ ቱቦዎቹን ቀይሩ፣ ሪሌ ጨምሩ፤ ከዚያ ለኩ። ቡናማው ከቀለጠ ግን ሌላ አማራጭ አልፈልግላችሁም፤ የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ እዘዙ፣ ቱቦዎቹንም ከመጀመሪያው ከሌላ ቦታ ግዙ።