ድሬዳዋ ላይ ለኪራይ ቤት የምትገዙ፣ እኚህን ደላላ ሳታናግሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ሳቢያን አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደላላ አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ላድርስ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ከእሳቸው በፊት ያየናቸውን ደላሎች ባላነሳ ይሻል ነበር። «ዳያስፖራ ዐይኑን ጥሎበታል፣ ዛሬ ቀብድ ካልያዛችሁ ነገ የለም» ይላሉ። ካርታ ሲባሉ የደበዘዘ ፎቶኮፒ ያወጣሉ። የሰፈሩን ዋጋ ስትጠይቋቸው ሻጭ የጠራውን ይነግሯችኋል። የተጠራ ዋጋ ምን ዋጋ አለው አቦ! ጋሼ የሚነግሯችሁ በዚያው ሰፈር በቅርቡ በስንት እንደተሸጠ ነው። ወራት የቆየ ቤት ካለ ወይ ተወዷል ወይ ሰነዱ ጣጣ አለበት ባይ ናቸው።

ሂሳባቸውን ደብተር ቅዳጅ ላይ ይሠራሉ። ለምሳሌ 6 ሚሊዮን ብር የተጠራ ግቢ 4 ክፍል ኖሮት እያንዳንዱ በወር 6,000 ቢከራይ፣ በዓመት 288,000 ብር ነው። ሻጭ እዚህ ላይ ያቆማል። ጋሼ ግን ተከራይ ሲቀያየር ባዶ የሚቆይበትን 1 ወር ይቀንሱና 264,000 ያደርጉታል፤ ከዚያ ለጥገናና ለኪራይ ግብር 64,000 ያነሳሉ (የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቧንቧና ቦይለር ቶሎ ይደፍናል፣ ይህን ከሌላ ከተማ የመጣ ገዢ አያስበውም)። የሚተርፈው 200,000 ማለት 3.3 በመቶ ገደማ ነው። ባንክ ቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ልዩነቱን የቤቱ ዋጋ ማደግ ካልሸፈነው ኪሳራ ነው ማለት ነው። «ኪራዩን እጨምርበታለሁ» ለሚል ደግሞ የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ ያነሱለታል፤ ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ ጭማሪው እንደ ልብ አይደለም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም።

ለምስጋና ያነሳሳኝ ግን ደቻቱ ወንዝ ዳር ያየነው ቤት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ዋጋው ደህና፣ አሻሻጩም ራሳቸው ጋሼ ነበሩ። በሩን ከፍተው ከጀርባው ግድግዳውን በቁልፍ ጫፍ ጫር ሲያደርጉት ልስኑ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከስሩ ጨው ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ወጥተው ጎረቤት ያሉትን አሮጊት «እማማ፣ የ98ቱ ጎርፍ እዚህ ገብቶ ነበር?» አሉ። እማማም ምንም ሳይመልሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው ከትከሻቸው በላይ ግድግዳው ላይ አሳረፉት። ጋሼ ወዲያው «ይህን አልሸጥላችሁም» አሉ። ከሻጭም ከገዢም የሚያገኙት ኮሚሽን እዚያው ቀረ። ቤቱ የተሸጠ ቢሆን ማን ይወቅሳቸው ነበር?

ሰነድ ላይም አይቀለድባቸውም። የካርታውን ኦሪጅናል ራሳቸው ከገዢ ጋር ሄደው መሬት አስተዳደር ያስመረምራሉ፦ እዳ፣ እገዳ፣ የሊዝ ውዝፍ አለበት ወይ? ያገባ ሻጭ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ፤ መጋላ ሰፈር ያለ የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾች በሙሉ። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አያስከፍሉም። ሻጭ ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን እጥፍ ይመልሳል ይባላል፣ በሕግም አለ፤ እስኪመለስ ግን ፍርድ ቤት ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ?

ለኢንቨስትመንት ብላችሁ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ የምትገዙ፣ እባካችሁ እሳቸውን አናግሩ። ጠዋት ደውሉ። ከሰዓት በኋላ ግን የድሬ የእረፍት ሰዓት ነው፤ እስከ 10 ሰዓት ስልክ አያነሱም።